ሂስና ዝምታ በባዕድ ሀገር የሥራ ገበታ

ስለ መንግሥት ሥልጣን፣ ስለ መሬትና ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በስደት ዓለም ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል፤ መጻፍም አለበት። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድ ስደተኛ ተማሪ ሰኞ ማለዳ ከአዲሱ የሥራ ቦታው በር ሲደርስ ስለሚጠብቀው ሥልጣን የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። እኛ የፖለቲካ ትምህርት የቀሰምን ሰዎች ሥልጣንን የምንፈልገው ከቤተ መንግሥትና ከምክር ቤት ነው። ሥልጣን ግን ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ የጻፍነውን ኮድ በሚያነብ፣ በስብሰባ ላይ ቃላችንን ከአፋችን በሚነጥቅ፣ የሠራነውንም በስሙ በሚያቀርብ ሰው ዘንድ አለ። እርሱም ቢሆን ሊጠና ይገባዋል።

«እኛ» ስንል የምንናገረው ስለ ሦስት ሰዎች ነው። በሲያትል ከተማ በአንድ ጣራ ሥር እንኖራለን። አንዱ ይህን የሚጽፈው የፖለቲካ ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሲሆን፣ ሕጉ ለኤፍ-1 ተማሪ በትምህርት ወራት በሚፈቅደው በሳምንት 20 ሰዓት፣ በግቢው ውስጥ ለአንድ የምርምር ክፍል ፕሮግራም እየጻፈ የቤት ኪራዩን ይከፍላል። (ፖለቲካ ሳይንስ ኪራይ ከፍሎ አያውቅም፤ ቢያንስ በእኛ ቤት።) ሁለተኛው በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቆ በአንድ ኩባንያ የተቀጠረ የጎንደር ልጅ ነው። ሦስተኛዋ ታችኛው ፎቅ የምትኖር፣ በዕድሜ የምትበልጠን፣ እትዬ ብለን የምንጠራት ናት፤ በኤች-1ቢ ቪዛ ትሠራለች፤ ደሴ ያሉትን እናቷንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን የምታስተዳድረውም እርሷ ናት። ማታ ማታ በኩሽናው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚነሣው ጉዳይ አንድ በመሆኑ ገጠመኙ የማን እንደነበረ ሁልጊዜ ለይተን አንናገርም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለአዲስ ሠራተኛ ላፕቶፕ፣ የይለፍ ቃልና ብዙ ፈገግታ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ሳምንት ፈገግታው ያልቃል። ኮዱ ግን አያልቅም፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መስመር ነው፤ ከጻፉት ሰዎች አብዛኞቹ ሥራውን ትተው ሄደዋል፤ ማብራሪያ ተብሎ የተቀመጠው ሰነድም ካረጀ ቆይቷል። ለመጠየቅ ወደ ነባሩ ባልደረባ ጠጋ ስንል የሚያሳየን ፊት አለ። ያ ፊት «ጥቁር ስለሆንን ነው፤ አነጋገራችን ስለተለየ ነው» የሚል ሐሳብ ወዲያው ያመጣብናል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ፍሬድ ብሩክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ በ1975 ባሳተመው «ዘ ሚቲካል ማን-መንዝ» በተባለው መጽሐፉ ያስረዳው ነው። በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ ያዘገየዋል ይላል ብሩክስ። አዲሱን የሚያስተምረው ነባሩ ነውና፣ ሲያስተምር የራሱ ሥራ ይቆማል። በተጨማሪም የሰው ቁጥር ሲያድግ የመነጋገሪያው መስመር ከቁጥሩ በላይ ይበዛል፤ 5 ሰዎች እርስ በርሳቸው ለመነጋገር 10 መስመር ሲኖራቸው 10 ሰዎች ግን 45 አላቸው። እንግዲህ ያ የተኮሳተረ ፊት በብዙ አጋጣሚ የተቋረጠ ሥራ ፊት ነው።

ይህን የተረዳ ሰው መጠየቁን አይተውም፤ አጠያየቁን ያበጃል። በቤታችን የጸደቀው ደንብ እንዲህ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ለብቻ መሞከር፤ ካልተሳካ የሞከሩትንና ማሽኑ የመለሰውን ቃል በቃል ጽፎ መጠየቅ፤ ያገኙትንም መልስ በዚያ ባረጀ ሰነድ ላይ ማስፈር። ሰነድ ማደስ ማንም የማይመኘው ሥራ ስለሆነ ማንም አይቀናበትም። የጎንደሩ ጓዳችን በመጀመሪያው ወር ከሠራው ሁሉ ፍሬ ያፈራው ይኸው ነበር። ከእርሱ በኋላ የተቀጠረች ልጅ፣ እርሱ ሳምንት የፈጀበትን የማሽን ማሰናዳት ሥራ በአንድ ቀን ጨረሰችው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍሉ ሰዎች ስሙን አስተካክለው መጥራት ጀመሩ።

የዝምታው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በየማለዳው የክፍሉ ሰዎች ለ15 ደቂቃ ያህል ቆመው ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱም ትናንት የሠራውን፣ ዛሬ የሚሠራውንና መንገድ የዘጋበትን ይናገራል። እኛ ደግሞ ታላቅ ሲናገር ማቋረጥ ብልግና፣ «ይህን ሠራሁ» ብሎ ራስን ማወደስ ጉራ ተብሎ የተነገረን ልጆች ነን። ስለዚህ ተራው ሲደርሰን «ያንኑ እየሠራሁ ነው» ብለን እንቀመጣለን። አጠገባችን ያለው ወጣት ደግሞ የሦስት መስመር እርማቱን ላሊበላን የፈለፈለ ያህል አድርጎ ይተርካል። በሦስተኛው ወር አለቃው ዘንድ የተመዘገበው የማን ሥራ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሕዝብ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለቱንም ማስታወስ ይገባል። ሁለቱም የእኛው ናቸው፤ ይሉኝታ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ከእኛ ጋር ባሕር አሻግሮታል።

በዚህ ላይ የአጠራር ችግር አለ። እዚህ ሀገር አለቃ የሚጠራው በስሙ ብቻ ነው፤ «አንተ»ና «እርስዎ» የሚለይበት ቋንቋ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ አለቃው በአባቱ ዕድሜ ያለ ሰው ስለሆነበት ለ4 ወራት ያህል በምንም ስም ሳይጠራው ኖሯል። የሚያነጋግረው ነገር ሲኖረው ሰውየው ቀና ብሎ እስኪያየው ድረስ ፊት ለፊቱ ይንጎራደድ ነበር። አለቃው በመጨረሻ «አንድ ነገር ጠፍቶብህ ነው?» ብሎ ጠየቀው ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚህ ሙያ አንድ ሰው የጻፈው ኮድ፣ ሌላ ባልደረባ አንብቦ አስተያየቱን ሳይሰጥበትና ሳያጸድቀው፣ በአብዛኛው ከጋራው ሥራ ጋር አይቀላቀልም። ይህን ሥርዓት በአማርኛ ምን እንበለው? ቅርቡ ቃል ግምገማ ነው። ቃሉ ግን ብዙ ጉድ ያየ ቃል ነው። በተማሪው ንቅናቄ የጥናት ክበቦች ውስጥ ሂስና ግለ ሂስ ሲሰበክ ዓላማው አሠራርን ማረም ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ሰውን ማረቂያ፣ ኋላም ማጥቂያ የሆነበት ጊዜ መጣ። በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ ነበር፤ በኢሕአዴግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ሆነ። ሰውየው ይቆማል፤ ሥራው፣ ጠባዩ፣ ዘመዱና የተናገረው ቀልድ በአንድ ሚዛን ይመዘናል። ወላጆቻቸው የመንግሥት ሠራተኞች የነበሩ አንባቢዎች፣ «ነገ ግምገማ አለብኝ» ያለ አባት የዚያን ዕለት ራት እንዴት አድርጎ እንደሚበላ ያውቃሉ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ «እገሌ ሥራህን ገምግሞታል» የሚል ማስታወቂያ ሲልክልን የሚመታው ልብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሁለት ትውልድ ልብ ነው።

የሙያው ሰዎች ስለዚህ ነገር የጻፉት እኛን ደንቆናል። ጄራልድ ዋይንበርግ በ1971 ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ሥነ ልቡና ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፕሮግራሙን የራሱ አካል አድርጎ የሚያይ ሰው ጉድለቱን ማየት እንደሚያቅተው ያስረዳል፤ መድኃኒቱ ኮዱን የሁሉም ንብረት ማድረግና ለባልደረባ ማስነበብ ነው። ከ«እኔነት» የጸዳ አሠራር መሆኑ ነው። የዘመኑ መገጣጠም ያስገርማል፤ የሀገራችን ተማሪዎች በየጥናት ክበቡ ሂስ ሥራን እንጂ ሰውን አይንካ እያሉ በሚከራከሩበት ዘመን፣ አሜሪካዊው የኮምፒዩተር መምህር ይህንኑ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ይሰብክ ነበር። ሁለቱም ዘንድ ስብከቱ ከሥራው ቀለል ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሊኑክስን በ1991 የጀመረው፣ ጊት የተባለውን የኮድ መዝገብ በ2005 የሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ ለብዙ ዓመታት በስድብ ደብዳቤዎቹ ይታወቅ ነበር። በሴፕቴምበር 2018 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ራቅ አለ፤ የሊኑክስ ሠራተኞችም በዚያው ወር የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ሕመሙ የሐበሻ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ጥቂት ያጽናናል፤ ብዙ ግን አይደለም።

እትዬ ባለፈው ዓመት መከር ላይ ወደ አዲስ ክፍል ተዛወረች። በሦስተኛው ሳምንት ከ100 መስመር ያነሰ ሥራ አቀረበች። አንድ ነባር ባልደረባ 43 አስተያየት ጻፈባት። ያን ዕለት ማታ ኩሽና ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን አንድ በአንድ አነበብናቸው፤ ከዚያም እንደ ምስር ለቀምናቸው። 9ኙ ሥራውን በእርግጥ የሚያሻሽሉ ነበሩ። 27ቱ የጣዕም ጉዳይ ነበሩ፤ ይህ ስም ይርዘም፣ ያ መስመር ይጠር፣ እዚህ ክፍት ቦታ ይተው የሚሉ። 7ቱ ስለ ኮዱ ምንም አይናገሩም፤ ጸሐፊዋ ከዚህ በፊት የት እንደሠራችና እንዴት እንደተቀጠረች የሚጠይቁ፣ ፈገግታ የተቀባባቸው ሽሙጦች ነበሩ።

በማግሥቱ 9ኙን አስተካክላ አመሰገነች። ስለ 27ቱ የክፍሉ የተጻፈ ደንብ የት እንዳለ ጠየቀች። ደንብ አልነበረም። እንዲህ ላለው ነገር ኮዱን በአንድ መልክ የሚያስተካክል መሣሪያ አለና፣ እርሱ ይፍረድ ብላ ሐሳብ አቀረበች፤ ከማሽን ጋር በይሉኝታ የሚጣላ ሰው የለም። ስለ 7ቱ በጽሑፍ አንዳች አልመለሰችም። ወደ ሰውየው ሄዳ «እነዚህ ስለ ኮዱ አይደሉም፤ ስለ እኔ ከሆኑ ግን ፊት ለፊት ንገረኝ» አለችው። ሰውየው ቀላ፤ ለሁሉም እንዲሁ እንደሚጽፍም ነገራት። ጊት ማን ምን እንደሠራ፣ የግምገማውም መዝገብ ማን ምን እንዳለ ያስቀምጣልና፣ ያለፉትን ወራት አገላብጣ አየች። ለነባሮቹ ሁለት ወንዶች ከጻፈው ውስጥ እንዲህ ያለ አንድም አላገኘችም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የኮድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የፖለቲካ ጉዳይ የሆነው። አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ፣ በተበላሸ ተቋም ውስጥ ያለ ሰው በፊቱ ያሉት መንገዶች መውጣትና ድምፅ ማሰማት እንደሆኑ፣ ታማኝነት ደግሞ መውጣቱን እያዘገየ ለድምፅ ጊዜ እንደሚሰጥ አስረድቷል። ሂርሽማን ራሱ ስደተኛ ነበር፤ በ1915 በርሊን ተወልዶ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከጀርመን ወጣ፤ በ1940 ማርሴይ ከተማ ሆኖ ሌሎች ስደተኞችን ከአውሮፓ ያስወጡ ከነበሩት አንዱ ሆነ። ስለ መውጣት የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የእትዬ መውጫ በር ግን ከሀገሬው ሠራተኛ በር ይጠባል። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት በኤች-1ቢ የሚሠራ ሰው ሥራው ካበቃ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ከምረቃ በኋላ በተማሪ ፈቃድ የሚሠራውም በ12ቱ ወር ውስጥ ያለ ሥራ ሊቆይ የሚችለው በድምሩ 90 ቀን ነው። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ሲያሰናብቱ፣ በዚህች ከተማ እነዚህን ቀናት በጣታቸው የሚቆጥሩ ወገኖች አይተናል። በሩ ሲጠብ ድምፅ ይወደዳል፤ ዝምታም ታማኝነት መስሎ ይታያል። አሠሪውም ልዩነቱን ለማወቅ አይቸኩልም።

የሰው ኃይል ክፍሉን በሚመለከት አንድ ነገር መናገር እንወዳለን፤ ብዙ ወገኖቻችን ሲሳሳቱበት አይተናልና። ይህ ክፍል ሽማግሌ አይደለም። ሽማግሌ ከሁለቱ ወገን የራቀ፣ ለሁለቱም የሚያዝን ነው፤ ይህ ክፍል ግን ደመወዙን የሚቀበለው ከአንደኛው ወገን ነው። በውስጡ ደግ ሰው የለም ማለታችን አይደለም። የልብን ሁሉ ዘክዝኮ የሚያጫውቱት ዘመድ ግን አይደለም። ሕግም አለ። የ1935ቱ የሠራተኛ ሕግ በግል ድርጅት ያሉ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ጥበቃ ያደርግላቸዋል፤ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ ሀገር ማዳላትን ይከለክላል፤ በዚህኛው ሕግ አቤት የሚባልበት ጊዜ ግን እንደየግዛቱ 180 ወይም 300 ቀን ስለሆነ ቀኑን መጻፍ ያስፈልጋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ብሂል በዚህ ሀገር ፍርድ ቤት ዘንድም ይሠራል።

ስለዚህ ጠረጴዛው ዙሪያ ክርክር ተነሣ። የጎንደሩ ጓዳችን ነገሩ በስሙ ይጠራ፤ መድልዎ ነው ተብሎ ይጻፍ አለ። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ደግሞ ማስረጃው ይቅረብ፣ ፍርዱን አንባቢው ይስጥ የሚል አቋም ያዘ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ፤ ሁለታችንም ደሴ ውስጥ የምናስተዳድረው ቤተሰብ እንደሌለን ያስታወሰችን እርሷ ናት። «እናንተ ተከራከሩ፤ ቪዛው የእኔ ነው» አለችን። ከዚያም ቅጽል የሌለበት አንድ ገጽ ጻፈች፤ ለእርሷ ከተጻፉት ሦስት፣ ለሁለቱ ወንዶች ከተጻፉት ሦስት፣ ጎን ለጎን፣ ከነቀናቸው። ለሰው ኃይል ክፍሉ አልወሰደችውም፤ ለቅርብ አለቃዋ ሰጠችው፤ ግልባጩንም ለራሷ አስቀረች።

አለቃዋ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከአንድ ሳምንት በኋላ የኮዱ መልክ በመሣሪያ እንዲስተካከል፣ በአንድ ሥራ ላይ ከ10 በላይ አስተያየት ያለው ሰውም ከመጻፍ ይልቅ ቁጭ ብሎ እንዲነጋገር ለክፍሉ በሙሉ ደንብ ወጣ። የእርሷ ስም አልተነሣም። የሰውየው ስምም አልተነሣም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨናል፤ እርሷን ግን ያበሳጫት አይመስልም። ሽሙጡ ቆሟል። ሰውየው ሰላምታ አይሰጣትም። ቪዛዋ በሚመጣው ዓመት መታደስ አለበት።

ሥራን በስም ስለሚነጥቅ ባልደረባ ብዙ አንጽፍም፤ ጊት እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ እንደነካው ይመዘግባል። የሚያሳየው ትእዛዝ «ብሌም» ይባላል፤ ውቀሳ ማለት ነው። ስሙ ክፉ ይሁን እንጂ ለስደተኛ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ዘወትር ዓርብ ለአለቃ በሦስት ዐረፍተ ነገር የሳምንቱን ሥራ ጽፎ መላክ ይበቃል።

ይልቅ ሌላ ዓይነት ባልደረባ አለ፤ ስለ እርሱ ለመጻፍ እጃችን ሲያመነታ ቆይቷል። የጎንደሩ ጓዳችን ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ የመቀሌ ልጅ ነበር። ጦርነቱ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ይነድ ነበር፤ ሁለቱም ከዘመድ ሞት ደርሶባቸዋል። ፈረንጆቹ ደግ ነገር የሠሩ መስሏቸው «የአንድ ሀገር ልጆች ናችሁ» ብለው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለ8 ወራት ያህል የተነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ጨዋ እንግሊዝኛ ነበር። አንዱ የሌላውን ኮድ ሲገመግም ከሚገባው በላይ ይጠነቀቃል፤ እያንዳንዱ አስተያየት «ይህ የግል ሐሳቤ ብቻ ነው» በሚል ያበቃ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኖቬምበር 2022 ሲፈረም ሁለቱም ዜናውን በየስልካቸው፣ በየወንበራቸው ሆነው አነበቡ። ዞር ያለ አልነበረም።

በዚያው ክረምት አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ የሚጠብቀው ሥርዓት ወደቀ። የሌሊቱ ተረኞች እነርሱ ሁለቱ ነበሩ። በስልክ ተገናኝተው መዝገቡን እያነበቡ፣ አንዱ ሲሞክር ሌላው እየጠበቀ፣ እስኪነጋ ሠሩ። ሥርዓቱ ሲመለስ በመስመሩ ላይ ጸጥታ ሆነ። ከዚያም የመቀሌው ልጅ በአማርኛ «ቡና አለህ?» ብሎ ጠየቀው። «አለኝ፤ ግን አልተቆላም» አለው የእኛው።

በዚህ ሙያ ከእንዲህ ያለ ብልሽት በኋላ የሚጻፈው ዘገባ ሰውን እንዳይወቅስ የብዙ ክፍሎች ልማድ ሆኗል፤ የሚመረመረው ምን እንደተሰበረና ለምን በቀላሉ ሊሰበር እንደቻለ ነው። ዘገባውን ሁለቱ አብረው ጻፉት። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዕርቅ ትምህርት ለማውጣት የሚፈልግ አንባቢ ይኖራል፤ እኛ አንፈልግም። ስለ ጦርነቱ እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም። የማይወቅስ ዘገባ ለወደቀ ማሽን ይሠራል፤ ለሞተ ሰው የሚሠራ አይመስለንም፤ ለሞተ ሰው የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል። ሆኖም አሁን በአማርኛ ነው የሚነጋገሩት፤ «ይህ የግል ሐሳቤ ብቻ ነው» የሚለውም ከአስተያየታቸው ግርጌ ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት በአንድ የመስመር ስያሜ ላይ ኃይለኛ ጠብ ገጥመው እንደዋሉ ጓዳችን ደስ እያለው ነገረን።

በሚመጣው ሰኞ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖር፣ ዘንድሮ የተመረቀ አንድ ወንድማችን የመጀመሪያ ሥራውን ይጀምራል። ትናንት ማታ መጥቶ ስለ ብሩክስም፣ ስለ ሂርሽማንም ሳይጠይቀን፣ ከረባት ማሰር ያስፈልግ እንደሆነና የምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ነውር እንደሆነ ጠየቀን። ከረባቱን ተው፣ ምሳህን ያዝ አልነው። እትዬም ሽሮው በደንብ ይከደን፤ በጋራው ማሞቂያ ግን እንዳታሞቀው ብላዋለች።